ዘመዱን አይታችሁ ሥራውን አትገምቱ

ልጆቼ፣

በፋርማሲ፣ በሕክምናና በላብራቶሪ ትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። "ይሄ ሁሉ የትራንስፖርተር (ንጥረ ነገርን በሴል ሽፋን የሚያሳልፍ ፕሮቲን) ስም ምን ይሠራልናል?" እውነታችሁን ነው። ሸምድዳችሁት ከፈተና አዳራሽ ስትወጡ የሚተን ከሆነ ምንም አይሠራላችሁም። ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ ስለ ጥቂቶቹ ብቻ ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መነሻውን ቶሎ ልበለው። ጉበት ከኮሌስትሮል የሐሞት አሲድ ይሠራል። አሲዱ አንጀት ወርዶ ቅባት እንዲፈጭ ያግዛል። ሥራውን ሲጨርስ ግን ሰውነት አይጥለውም። 95 በመቶ ያህሉ ተመጥጦ በደም ወደ ጉበት ይመለሳል፣ እንደገናም ይወርዳል። በሰውነታችን ያለው ጠቅላላ መጠን ጥቂት ግራም ነው። ያችው ጥቂት ግራም ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ትውላለች።

ለዚህ ምልልስ በር ያስፈልጋል። አሲዱ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚሸከም የሴሉን የቅባት ሽፋን እንደልቡ ማለፍ አይችልም። በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ያለው በር ኤኤስቢቲ ይባላል። ጉበት ላይ ያለው ደግሞ ኤንቲሲፒ። ሁለቱም የሚሠሩት በሶዲየም ጉልበት ነው።

ስቴሮይድ ሰልፌቶችም፣ ማለትም ሰልፌት የተለጠፈባቸው ስቴሮይዶች፣ ያው ችግር አለባቸው። ዲኤችኢኤ ሰልፌትን ውሰዱ። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ያመነጨዋል፤ በደማችን ውስጥ እንደሱ የበዛ ስቴሮይድ የለም። ሰልፌት ስለተለጠፈበት በውሃ ይሟሟል፣ በደም ይዞራል። ሴል ውስጥ ለመግባት ግን የሚያስገባው ይፈልጋል። ከገባ በኋላ ሰልፋታዝ የተባለው ኢንዛይም ሰልፌቱን ይነቅልለታል። ያኔ ኢስትሮጅን ወይም ቴስቶስቴሮን መሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ የእንግዴ ልጁ ኢስትሮጅን የሚሠራው ከእናትና ከፅንስ አድሬናል ከሚመጣው ከዚሁ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጀርመን አገር ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሶአት የተባለ ፕሮቲን አገኙ። መጀመሪያ በአይጥ በ2004፣ ከዚያ በሰው በ2007። በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ የቅርብ ዘመዱ የአንጀቱ ኤኤስቢቲ ነው። "ዘር ከልጓም ይስባል" እንላለን አይደል? እንግዲያው እሱም የሐሞት አሲድ ያስገባል ብሎ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ለኩት።

ልኬቱ እንዴት እንደሆነ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሰው ኩላሊት የመጣ፣ በላብራቶሪ የሚራባ ሴል ትወስዳላችሁ። የፕሮቲኑን ጂን ትጨምሩበታላችሁ። ጎኑ ደግሞ ጂኑ ያልገባበትን ሴል ታስቀምጣላችሁ። ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለበትን ንጥረ ነገር በሁለቱም ላይ ታፈሳላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ታጥባላችሁ፣ ከዚያ ሴል ውስጥ የቀረውን ትቆጥራላችሁ። ቀጥሎ በሩ ሶዲየም ይፈልግ እንደሆነ ለማየት ሶዲየሙን በሌላ ጨው ተክታችሁ ትደግሙታላችሁ። ስቴሮይድ የሚጣበቅ ነገር ነው። ሽፋኑም ላይ ይለጠፋል፣ ፕላስቲኩም ላይ ይለጠፋል። ባዶው ሴል ከሌለ የተለጠፈውን የገባ አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ተማሪ ደግሞ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚተወው ያንኑ ባዶ ሴል ነው! እባካችሁ እሱን አትተዉት።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሶአት ታውሮኮሌት የተባለውን የታወቀ የሐሞት አሲድ አላስገባም። ዲኤችኢኤ ሰልፌትንና ኢስትሮን ሰልፌትን ግን አስገባ። ኤኤስቢቲ ግልባጩ ነው፤ የሚወደው የሐሞት አሲድን ነው። የጉበቱ ኤንቲሲፒ ደግሞ ሁለቱንም ያስገባል። ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ። እና እላችኋለሁ፣ ደብተራችሁ ላይ "ይመስላል" እና "ተለክቷል" የሚሉትን ለያይታችሁ ጻፉ። ዛሬ የጂን ዳታቤዙ ሁሉ "ከእገሌ ጋር ስለሚመሳሰል" በሚል ግምት የተሞላ ነው። ግምቱን ለመነሻ ተጠቀሙበት፣ ለመድረሻ ግን አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ኤንቲሲፒን በ1991 ዙሪክ ውስጥ ሲያገኙት የሐሞት ጉዳይ ብቻ ነበር። ሄፓታይተስ ላይ ለሚሠራ ሰው ብዙም ጉዳዩ አልነበረም። በ2012 ግን ቤጂንግ ያለ ቡድን የሄፓታይተስ ቢ እና ዲ ቫይረሶች ወደ ጉበት ሴል የሚገቡት በዚሁ በር መሆኑን አሳየ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ መንገር አያስፈልገኝም። በ2020 አውሮፓ ውስጥ ለሄፓታይተስ ዲ የተፈቀደው ቡሌቪርታይድ የሚሠራው ይህን በር በመዝጋት ነው። በሩ ሲዘጋ የሐሞት አሲዱስ የት ይሄዳል? ደም ውስጥ ይከማቻል። በ2015 ኤንቲሲፒዋ በተፈጥሮ የማይሠራ ልጅ ታሪክ ታትሟል። የደሟ የሐሞት አሲድ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ዓይኗ ግን ቢጫ አልሆነም፣ ሰውነቷንም አላሳከካትም። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ሊገምት አይችልም ነበር።

"እኛ ራዲዮአክቲቭ የት አለን?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ውድ ነገር ነው። ግን የእነዚህን በሮች ሥራ ለማየት የግድ እሱ አያስፈልግም። የቲቢ ክፍል ግቡ። ጉበት ላይ ኦኤቲፒ የተባሉ ሌሎች በሮች አሉ፤ ስቴሮይድ ሰልፌትም፣ የሐሞት አሲድም፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢንም፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሆኑት ስታቲኖችም በእነሱ ያልፋሉ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን እነዚህን በሮች ይይዛል። ስለዚህ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሊሩቢኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ጉበቱ ሳይጎዳ። ካርዱን ስታዩ "ጉበቱ ተመታ" ብላችሁ አትሩጡ፣ "ምንም አይደል" ብላችሁም አትለፉ። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንዛይም፣ ኤኤልቲ፣ አብሮ ጨምሯል? ያቅለሸልሸዋል? የምግብ ፍላጎቱስ? መድኃኒቱን መቼ ጀመረ? ሌላስ ምን ይወስዳል? እነዚህን ጠይቃችሁ ጻፉና ለሐኪሙ አሳዩት። በሚቀጥለው ሳምንትም ምርመራው እንዲደገም አድርጉ።