ልቤ ድንገት ይጋልባል፣ ኢሲጂው ግን ‘ደህና ነህ’ ይላል

ሰላም ዶክተር እንዴት ነህ፣ የምጽፍልህ ከድሬ ነው፣ 31 ዓመቴ ነው ባጃጅ እነዳለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ ዝም ብሎ ድንገት ይነሳና ይጋልባል፣ በቀደም ሳቢያን ሰፈር ተሳፋሪ ይዤ መጣብኝና ዳር አቁሜ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ሸሚዜ ላይ ሲዘል ይታያል እኮ! አንዷ እናት ውሃ ሰጡኝ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ልክ መብራት እንደሚጠፋ ቀጥ አለ። ክሊኒክ ስደርስ ምንም የለም፣ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ተነሳሁ ‘ንጹህ ነው፣ ጭንቀት ነው’ ብለው የጨጓራ መድኃኒት ሰጡኝ። በርጫ (ጫት መቃም) አለኝ አልዋሽህም። ልቤ ሊቆም ነው እንዴ?

አቦ አይዞህ። ኢሲጂው አልዋሸም፣ ግን ያየው የተነሳህባትን አስር ሰከንድ ምናምን ብቻ ነው። ባጃጅህ መንገድ ላይ ስትንኳኳ ውላ ጋራዥ ስትገባ ጸጥ ስትል መካኒኩ ምን ያድርግ?

የልብ ምት የሚነሳው በቀኝ በኩል ከላይ ካለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው፣ ከዛ በአንድ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰው አረፍ ሲል በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። አንዳንዱ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ ትርፍ መስመር አለው፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ወርዶ በሌላው ይመለስና እዛው መሽከርከር ይጀምራል፣ ያኔ ምቱ 150 አልፎ 200 ሊገባ ይችላል። ያንተ ድንገት ጀምሮ ድንገት መቆሙ ወደዚህ ነው የሚያስጠረጥረኝ፣ ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በደብዳቤ ምርመራ አይሰራም ግን፣ ስለዚህ ሲነሳብህ ሁለት ጣትህን አንጓህ ላይ አድርገህ ስልክህን እያየህ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ በሁለት አባዛው፣ እኩል እኩል ነው የሚመታው ወይስ ዝብርቅርቅ ይላል የሚለውንም ጻፈው። ከዛ ሳይቆም ቅርብ ያለ ኢሲጂ ጋ በሰው ባጃጅ ሂድ (አንተ አትንዳ!)። ካልተገኘ 24 ሰዓት ደረት ላይ ተለጥፎ የሚመዘግብ ሆልተር የሚባል አለ።

ሲነሳብህ ኢሲጂ ቅርብ ካልሆነ ቁጭ ብለህ ትንፋሽህን ይዘህ 15 ሰከንድ እንደ ሆድ ድርቀት አምጥ፣ ወዲያው በጀርባህ ተኛና እግርህን ሰው ወደ ላይ ያንሳልህ፣ ከአስር ሰው አራቱ ገደማ ላይ ያቆመዋል። አንገትህን ግን እንዳታሽ። ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይ ራስህን ከሳትክ ሙከራ የለም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ በርጫው እንምጣ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ ያፈጥናል ግፊትም ይጨምራል፣ በላዩ ደግሞ ቡና፣ ኢነርጂ ድሪንክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በዛ ሙቀት አንድ ሃይላንድ ሳትጨርስ መዋል ካለ... ትርፉን መስመር የፈጠረው ጫቱ አይደለም፣ ክብሪቱን የሚጭረው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ተወውና እየው። የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ማነስና ፖታሲየም ተመርመር፣ ኤኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳ። የጠረጠርኩት ከሆነ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን አለ (አስም ካለብህ ቀድመህ ተናገር)፣ ወይ ደግሞ ከብሽሽት በደም ስር ቀጭን ሽቦ አስገብተው ትርፉን መስመር ያቃጥሉታል፣ አብዛኛው ሰው በአንዴ ይገላገላል። ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ የልብ ሐኪም ሪፈር ይጽፍልሃል።

ከሐረር፦ እማዬ በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰባት የልብ ቫልቯ ጠቧል፣ ምቷም ዝብርቅርቅ ነው ተብሎ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን) ትወስዳለች፣ አሁን ግን ‘ደህና ነኝ፣ ደሜን አቀጠነው’ ብላ ልታቆም ነው፣ ምን ልበላት?

እንዳታቆም! ምቱ ሲዘበራረቅ የላይኛው የልብ ክፍል መጭመቅ ትቶ ይርገበገባል፣ ደም እዛ ይተኛና ይረጋል፣ ያ የረጋ ደም ተነስቶ ጭንቅላት ሲገባ ስትሮክ ነው። ደህና የሆነችው ኪኒኑን ስለምትወስድ ነው በያት። አይኤንአር የሚባለው፣ ደሟ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየው ምርመራዋ ከ2 እስከ 3 መሃል መሆን አለበት። አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ቫልቯ እንደዚህ ለጠበበ ሰው አይመከሩም፣ ጎረቤት ሰጠኝ ብላ እንዳትቀይር። ጎመን ትብላ ግን አንድ ሳምንት ድስት ሙሉ ሌላ ሳምንት ጭራሽ እንዳይሆን። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ከፋርማሲ የምትገዛ ከሆነ ዛሬውኑ አስጥያት፣ ጥርስ ልትነቀል ከሄደችም ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ዋርፋሪን እንደምትወስድ ትናገር።