መልስ፦ ሁለተኛ ማርሽ ለሚጮኽበት ሃይስ

ሰላም ወንድሜ። የድሮ ሃይስህ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ራሱ ዘሎ ይወጣል ብለሃል። ጋራዡ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ይውረድ አለህ። ቆይ፣ አትቸኩል።

ሞተሩን አጥፍተህ ማርሾቹን ሞክር። ጠፍቶ በቀላሉ እየገቡ፣ ሲነሳ ሁሉም ካስቸገሩ ችግሩ ፍሪሲዮኑ ነው፤ ስትረግጠው ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ አይለይም። ቆመህ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጥ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ የኋላ ማርሽ አስገባ። ከጮኸ የፍሪሲዮኑን ዘይትና ፓምፖች እይ። ይሄ ካምቢዮ ከማውረድ በጣም ይረክሳል።

ሁለተኛ ብቻ ከጮኸ ግን ሲንክሮናይዘሩ፣ ማለትም የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክለው የነሐስ ቀለበት፣ ሳይበላ አልቀረም። ዘይት መቀየር ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። ዘይቱ ሲፈስ ስስ የብረት ዱቄት ብታይ አትደንግጥ። ስባሪ ካየህ ግን ይውረድ፣ ጋራዡ ልክ ነው።

ዘሎ መውጣቱ ከላላ የማርሽ ገመድ ወይም ከተበጠሰ የካምቢዮ መሸከሚያ ጎማም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ እሱን አስፈትሽ። እስኪሠራ ሰው ጭነህ ኮምቦልቻ አትውረድ፤ ማርሹ ሲወጣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ነው። የኋላ ማርሹን ሞክረህ ውጤቱን ጻፍልኝ።