ክኒኑ እየተሰጠ ቢልሃርዚያ ለምን ይመለሳል?

ወንድሜ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ያሉት የዘጌ ዘመዶችህ ልጆች ትምህርት ቤት ክኒን እየዋጡም ቢልሃርዚያ ይይዛቸዋል፣ ባሕር ዳር ያሉት ልጆችህ ግን ደህና ናቸው፤ መድኃኒቱ አይሠራም ወይ ብለሃል።

ይሠራል። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ነው፤ ክኒኑ፣ ማለትም ፕራዚኳንቴል፣ ያደገውን ትል ይገድላል። ግን ክትባት አይደለም፤ ልጁ በሳምንቱ ሐይቅ ከገባ እንደገና ሊይዘው ይችላል። ገና ያልበሰለውን ትል ደግሞ ብዙም አይነካውም።

ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ከሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ብቻውን አያድንም። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ያንተ ልጆች ቧንቧ ከፍተው ይታጠባሉ። ሐይቅ ዳር ልብስ የምታጥበው እናት፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የፎገራው ሩዝ ገበሬ ግን ውኃ ሳይነኩ እንጀራ የላቸውም። ክኒኑ ለዓመታት በአብዛኛው የታደለው ለተማሪዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ተማሪ አይደሉም፤ ስለዚህ ከእነሱ የሚወጣው እንቁላል ውኃውን መልሶ ይበክላል፣ ልጆቹንም እንደገና ይይዛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በተስፋፋባቸው ቦታዎች ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሁሉ፣ አዋቂዎችን ጨምሮ፣ እንዲሰጥ የመከረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ለጊዜው ዘመዶችህ የሐይቁን ውኃ ቀድተው 2 ቀን አስቀምጠው ይታጠቡበት፤ ትሉ ያለ ሰው ያን ያህል አይቆይም። ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለ ጤና ጣቢያ ሄደው ሰገራ ይመርመሩ። ወላጆቹም ጭምር።