«እስክታለቅስ ልጠብቅ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰባት ዓመት ልጅሽ ካንሰሯ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ሆና እንድትታከም ተልካለች። ሲስተሯ በሳምንት አንዴ ትመጣለች። ሞርፊን የሚባል የከባድ ህመም ማስታገሻ ሽሮፕ ታዟል፤ አንቺ ግን «ሱስ እንዳይሆንባት ስታለቅስ ብቻ ብሰጣትስ?» ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ «አይዞሽ» ብለውሻል። ደግ ነው፤ ግን አይዞሽ ሌሊቱን አያነጋም።

እኔ ልጄን አስራ አንድ ወር ቤት ውስጥ አስታምሜያለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በሽታውም ያው የአጥንት ነው። ስለዚህ የኔን ነው የምነግርሽ።

1. አትጠብቂ። በሰዓቱ ስጪ።

ይሄን እኔም በመጀመሪያው ቀን ተነግሮኝ ነበር። በየ4 ሰዓቱ፦ 12፣ 4፣ 8፣ ሌሊቱም ሳይቀር። አንድ ሳምንት እንደተባልኩት አደረግኩ። ልጁ ተነስቶ ተቀመጠ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ካርታ ተጫውቶ አሸነፈና ሳቀበት።

ሽሮፑ ሊያልቅ ሲል ማዘዣዬን ይዤ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆምኩ። ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠው። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ እኮ ሞርፊን ነው። ልጅሽን ሱሰኛ ልታደርጊው ነው?» አለኝ። ቀጥሎ ማህተሙ ደብዝዟል ብሎ መለሰኝ። ዓርብ ከሰዓት ነው። ሐኪሙ የሚገባው ሰኞ ነው።

ማህተሙን እረሳው ነበር። ንግግሩ ነው አብሮኝ ቤት የገባው። ሰዓቱን አራራቅኩት። ለሰው ስናገር «የቀረውን ለማብቃቃት ነበር» እላለሁ። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰውየው ልክ ቢሆንስ ብዬ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተኝቶ አየሁትና «ለምን እቀሰቅሰዋለሁ» ብዬ ተውኩት። 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ የእግሩ ጣቶች አንሶላውን ጨብጠውታል። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነው። አላለቀሰም። እኔ ለቅሶ ስጠብቅ እሱ የሚያለቅስበት አቅም አልነበረውም። ያን ጊዜ ሰጠሁት፤ ህመሙ ግን እሺ አላለም። ጠዋት ሲስተሯን ጠራኋት። እሷ መጥታም ቢሆን፣ ህመሙን መልሶ ለማስታገስ ሁለት ቀን ፈጀ። ከቀሩት ቀኖች ላይ ሁለቱን እኔ ነኝ የወሰድኩበት። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ህመም ቀድሞ ከተያዘ በትንሽ ይያዛል፤ ካመለጠ ብዙ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 ለልጆች ባወጣውና በ2019 ባነሳው መመሪያ ያለው ይህንኑ ነበር፦ በሰዓቱ፣ በሚመቸው መንገድ፣ በልጁ ልክ።

ሱሱን በተመለከተ ሲስተሯ እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ሱስ ማለት መድኃኒቱን ለህመም ሳይሆን ለራሱ ለመድኃኒቱ ብሎ ማሳደድ ነው። ለህመሙ በታዘዘለት ልክ የሚወስድ ልጅ ሱሰኛ አይባልም። ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል፤ ለዚህ ነው በድንገት አይቋረጥም የሚባለው። የኔው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ግን ይህንን ሊያቋርጥብኝ ነበር! ሰኞ ሲስተሯ አብራኝ ሄደች። የዚያን ቀን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ስለዚህ የአምስት ቀን ሽሮፕ ሲቀርሽ ሂጂ። ለዓርብ አታቆዪው። ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጪ ማህተሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑን ራስሽ እዪ። ከሰዓቱ በፊት ካመማት የምትሰጪውን ተጨማሪ መጠንም ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍልሽ።

2. ሆዷን አትርሺ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ይሄ ደግሞ መጀመሪያ ላይ እንደሚያመጣው እንቅልፍ በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ አይደለም። ማለስለሻውን አብሮ እንዲያዝ ጠይቂ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። መጀመሪያ ላይ ብታንቀላፋ አትደንግጪ፤ ስንት ሌሊት ያልተኛች ልጅ ናት። ግን ስትቀሰቅሺያት አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ የሚቀጥለውን አትስጪ፤ ወዲያው ደውዪ።

በማንኪያ አትለኪ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ነው። አንድ ቀን አዲሱን ጠርሙስ ስከፍት መለያውን አነበብኩት። በአንድ ሚሊሊትር ያለው ሚሊግራም ከድሮው እጥፍ ነው! የሽሮፑ ቀለም ያው፣ ጠርሙሱም ያው። የነገረኝ ሰው አልነበረም። እንደለመድኩት ብቀዳው ኖሮ እጥፍ ነበር የማጠጣው። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ፣ አልዋሽሽም።

ዘመድ ደግሞ «ይሄ ቀለል ይላል» ብሎ ኮዴይን የሚባል ማስታገሻ ቢያመጣልሽ አትቀበዪ። እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ተቀይሮ ነው የሚሠራው። አንዱ ልጅ ላይ እምብዛም ስለማይቀየር ህመሙን አያስታግስም፣ ሌላው ላይ ከልክ ያልፋል። መጠኑ የታወቀው ያንቺው ይሻላል።

3 ብዬ ስለ አልጋው ልጽፍልሽ ነበር። ባጭሩ ሰው ወዳለበት ክፍል አውጪው፤ የኔው ልጅ ለብቻው ክፍል ውስጥ ሲሆን ዝም ይል ነበር። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ያላመመው ይመስላል። በኋላ ወንድሙ ወረቀት ላይ የህመሙን መጠን የሚያሳይ ስድስት ፊት ሣለ፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። ሐኪሞቹም እንዲህ ያለ አላቸው፤ ልጄ ግን የወንድሙን ነበር የሚወደው። አራተኛው ፊት አፍንጫው ጠማማ ነው። በጣቱ ይጠቁማል፣ እኛ ከሰዓቱ ጋር ደብተር ላይ እንጽፋለን። ሲስተሯ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ያንን ደብተር ሆነ። ታላቅ ልጅ ካለሽ ሥራውን ለሱ ስጪው፤ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ከመቆዘም ያወጣዋል።

የቀረውን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። አሁን ጠርሙሱን አንሺና በሚሊሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሚል አንብቢ። ለሲስተሯ ደውለሽ ንገሪያትና ስንት ሚሊሊትር እንደምትቀጂ አረጋግጪ። የሌሊት 8 ሰዓቱን አላርም ዛሬውኑ ሙዪው።