አፑ እልም ሲል ኔትወርኩን አትማው

ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የጠየቅከውን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልከው፦ ኡቡንቱ 24.04 (ሊኑክስ) ላይ ነህ። ላፕቶፕህ የኢንቴልም የኤንቪዲያም ግራፊክስ አለው። ከጓደኞችህ ጋር በድምፅ የምታወራበት አፕ ወሬ ብቻ ሲሆን ሰላም ነው። ከመካከላቸው አንዱ ካሜራ ሲከፍት ወይም ስክሪን ሼር ሲያደርግ ግን እልም ይላል። ሦስት ጊዜ አጥፍተህ ጭነኸዋል፣ ለውጥ የለም። አንዱ ደግሞ "ኔትወርክ ነው፣ ተወው" ብሎሃል።

ኔትወርክ አይደለም። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ሳማ ስለከረምኩ ነው በድፍረት የምናገረው። ቅዳሜ ማታ ማታ ውጭ ካለው ወንድሜ ጋር እናወራለን። እሱ ስክሪኑን ሊያሳየኝ ሲል የእኔ መስኮት ይጠፋል። ዋይፋዩን ትቼ በስልክ ዳታ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ራውተሩን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩት። እናቴ "ደግሞ ዛሬ ምን ሆነህ ነው ገመድ የምትጎትተው?" እስክትለኝ ድረስ። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ኔትወርክ ሲደክም ድምፅ ይቆራረጣል፣ መልሶ ለመገናኘት ይሞክራል፣ መስኮቱ ግን ቦታው ላይ ነው። መስኮቱ ራሱ ከጠፋ የሞተው ፕሮግራሙ ነው።

ለወሬ ግራፊክስ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። እነዚህ አፖች አብዛኞቹ ኤሌክትሮን በሚባል ነገር ላይ የተሠሩ ናቸው። ኤሌክትሮን ሆዱ ውስጥ ክሮሚየምን ይዟል። ስለዚህ ትንሽ የወሬ አፕ የከፈትክ ቢመስልህም የከፈትከው ሙሉ ብሮውዘር ነው። ድምፁን የሚያምቀው ብዙ ጊዜ ኦፐስ ነው፣ ከ2012 ጀምሮ ስታንዳርድ የሆነ ኮዴክ። ሥራው ቀላል ስለሆነ ሲፒዩው ብቻውን ይወጣዋል። ቪዲዮ ሲመጣ ግን የግራፊክስ ካርዱ ይጠራል፣ ካርዱ ሲጠራ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ይነካል። ክሮሚየም ይህን ሥራ ለብቻው በተለየ ፕሮሰስ ነው የሚያሠራው። ያ ፕሮሰስ ሲወድቅ ያነሳዋል፣ ደግሞ ሲወድቅ ደግሞ ያነሳዋል። በመጨረሻ ተስፋ ሲቆርጥ አፑን በሙሉ ይዘጋዋል።

አጥፍቶ መጫን ያልረዳህም ለዚህ ነው። አፑን ስታጠፋ ድራይቨሩ እዚያው ነው። ሆም ውስጥ የተደበቀው የኮንፊግ ፎልደርም አይነካም፣ የድሮውን ቆሻሻ እንደያዘ አዲሱን አፕ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ትዕዛዞቹን በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡት እጽፋቸዋለሁ፣ አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፋቸው። አይኮኑን አትጫን። ተርሚናል ክፈትና የአፑን ስም ጽፈህ ከዚያ አስነሳው። ጓደኛህ ካሜራውን ይክፈት። ሲሞት መጨረሻ ላይ የቀሩትን መስመሮች እይ። እኔ ጋ "ጂፒዩ ፕሮሰስ ኤግዚትድ አንኤክስፔክትድሊ፣ ኤግዚት ኮድ 139" የሚል መስመር ደጋግሞ መጣ፣ ከሥሩ ደግሞ "ጂፒዩ ፕሮሰስ ኢዝንት ዩዘብል። ጉድባይ።" ቀልድ አይደለም፣ ቃል በቃል ጉድባይ ብሎ ነው የሚሞተው። 139 ማለት 128 ሲደመር 11 ነው። 11 ደግሞ ፕሮግራሙ የማይገባው ሜሞሪ ውስጥ እጁን ሲከት የሚባረርበት ሲግናል ነው። እነዚህን ካየህ ጥፋቱ ከግራፊክስ በኩል ነው።

ስለ ሳንድቦክስ፣ አፑን ከሌላው ሲስተም ለይቶ ስለሚይዘው አጥር፣ የሚያወራ ስህተት ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 24.04 ላይ አፕአርመር የሚባለው የኡቡንቱ ጥበቃ ጠበቅ ስላለ አንዳንድ የኤሌክትሮን አፖች ገና ሲከፈቱ ይሞታሉ። ያንተው መሃል ላይ ስለሆነ የሚሞተው አይመስለኝም። ብቻ "ኖ ሳንድቦክስ ጨምርበት" የሚልህን ሰው አትስማ። የማታውቀው ሰው የላከውን ሊንክ በምትከፍትበት አፕ ላይ አጥር ማፍረስ ነው።

ግራፊክስ መሆኑን በአንድ ሙከራ ማረጋገጥ ትችላለህ። አፑ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚል ይኖራል፣ አጥፋውና አፑን ዘግተህ ክፈተው። ሴቲንግ ሳትደርስ የሚሞት ከሆነ ከተርሚናል ስታስነሳው ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ፣ ዲዝኤብል፣ ሰረዝ፣ ጂፒዩ ብለህ ጨምር። ካሜራ ተከፍቶ ካልሞተ ሌባው ተይዟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፣ አልፈርድበትም። ግን ቪዲዮውን ሁሉ ሲፒዩው ስለሚሸከመው ላፕቶፑ ጭንህ ላይ ምጣድ ይሆናል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ምክንያቱን ብታገኘው ይሻላል።

መጀመሪያ አፑ ዝግ እያለ ኮንፊግ ውስጥ ያለውን የአፑን ፎልደር ክፈትና "ጂፒዩካሽ" የሚለውን (የግራፊክስ ጊዜያዊ ማከማቻ ነው) ሰርዝ። ራሱ መልሶ ይሠራዋል፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ድራይቨር ሲቀየር የድሮው ካሽ የሚያጣላበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ፣ አፑን ከየት እንደጫንከው አልነገርከንም። ከፍላትፓክ (አፖችን ከሲስተሙ ለይቶ የሚጭን መንገድ ነው) ከሆነ ጆሮህን ስጠኝ፣ የእኔ ጉድ እዚህ ነበር። ፍላትፓክ የራሱን የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅጂ ለብቻው ይይዛል። ያ ቅጂ ከሲስተምህ ድራይቨር ጋር በቁጥር ልክ መግጠም አለበት። እኔ ሲስተሙን በአፕት፣ በኡቡንቱ በራሱ መጫኛ፣ አፕዴት አደርጋለሁ፣ ፍላትፓኩን ግን ለወራት ዞር ብዬ አላየሁትም። የውጭው ወደፊት ሄደ፣ የውስጡ ቀረ። አፑ ካርዱን ስላላገኘው በሲፒዩ ሲስል ከርሟል ማለት ነው። ገና ሲከፈት ጀምሮ ፋኑ ይጮህ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሙቀቱ ነው እያልኩ መስኮት እከፍታለሁ። "ፍላትፓክ አፕዴት" ብዬ ሪስታርት ሳደርግ ነገሩ አለቀ። ሁለት ሳምንት ለሁለት ቃል።

ፍላትፓክ ካልሆነ ሁለቱን ካርዶች ለያያቸው። "ሱዶ፣ ፕራይም ሰረዝ ሰሌክት፣ ኢንቴል" ብለህ ሪስታርት አድርግ። አሁን የሚሠራው ኢንቴሉ ብቻ ነው። መሞቱን ካቆመ የኤንቪዲያውን ድራይቨር "አዲሽናል ድራይቨርስ" ከሚለው ገብተህ ወደ ሌላ ቨርዥን ቀይረው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው። ውጭ ያለው ስክሪን ቢጨልም አትደንግጥ፣ በዚያው ትዕዛዝ ኢንቴል የሚለውን "ኦን ሰረዝ ዲማንድ" ብለህ ትመልሰዋለህ።

በዚህ መካከል "ሱዶ ዲሜስግ" (ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ) ብለህ የከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ መዝገብ አንዴ እይልኝ። "ኤክስአይዲ" የሚል ቃልና ቁጥር ካለ ካርዱ ራሱ እየጮኸ ነው። 79 ከሆነ ካርዱ ከባስ ወደቀ ይልሃል፣ የከተማ ባስ አይደለም፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ያኔ ከሶፍትዌር ይልቅ ሙቀቱን፣ አቧራውንና ቻርጀሩን ጠርጥር።

ዌይላንድ ነው የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት ማለት ነው። የሚሞተው አንተ ራስህ ስክሪን ሼር ስታደርግ ቢሆን ኖሮ እኔም ጣቴን ወደዚያ እቀስር ነበር። ዌይላንድ ላይ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዲሁ ማየት አይችልም፣ ፓይፕዋየርና ዴስክቶፕ ፖርታል በሚባሉ አስተላላፊዎች በኩል ማለፍ አለበት። ያንተ ግን ሌላው ሲያሳይህ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለግክ ስትገባ ከታች በቀኝ ካለችው የባለጥርስ ጎማ ምልክት "ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ" (ከዌይላንድ በፊት የነበረው የድሮው ሥርዓት) የሚለውን መርጠህ አንድ ማታ ሞክረው። ብዙ አትደገፍበት፣ ከ25.10 ጀምሮ ያ ምርጫ ወጥቷል።

አደራ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ እንዳትነካካ። አንዱን ቀይር፣ ጓደኛህን ካሜራ አስከፍተው፣ እይ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ባይሆንልህ አፑን ከየት እንደጫንከውና ተርሚናሉ ላይ የቀሩትን የመጨረሻ 10 መስመሮች ጻፍልኝ። ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ ነው ታዲያ፣ በስልክ ያነሳኸውን ፎቶ አይደለም። ባለፈው የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አሳንሼም ማንበብ አልቻልኩም።