ጥንቸል ፀጉሯን ስትጥል፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ጥንቸል ቤቴ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። «አይበላ፣ አይታለብ፣ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ጎረቤት ግን ዛሬም አለ። ሰሞኑን ስለ ፀጉር መርገፍ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሰኝን እነሆ።

ጥ (ከሸኖ)፦ ከጀርባዋ ፀጉር በእፍኝ በእፍኝ ይነቀላል። ታማ ይሆን?

ገልጠሽ ቆዳውን እዪው። ንጹሕ ከሆነና ከሥሩ አዲስ ፀጉር ብቅ ካለ፣ ልብስ እየቀየረች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ይጀምርና ወደ አንገትና ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ጎንና ሆድ ይወርዳል። የፀጉር መቀየሪያውን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የቀኑ ርዝመት ነው። እኛ አገር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ወር ቆጥረሽ አትጠብቂ፤ እጅሽ ላይ ፀጉር ሲበዛ ያኔ ነው።

ቆዳው ከተላጠ፣ እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር ከበዛ ወይም ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካየሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እከክ ሊሆን ይችላል፤ ለእንስሳት ሐኪም አሳያት።

ጥ (ከደብረ ሲና)፦ ድመቴ የላሰችውን ፀጉር ትተፋዋለች። ጥንቸልስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ስትልስ የዋጠችው ፀጉር መውጫው በታች ብቻ ነው። አንጀቷ ደህና ከሠራ ይወጣል፤ ከዘገየ ግን ፀጉሩ ከምግብ ጋር እየደረቀ ይጠራቀማል። የምናበጥራት ለማሳመር አይደለም፣ ለሆዷ ነው።

አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሣርና ድርቆሽ ነው። ከምግቧ 80 በመቶ ያህሉ እሱ ይሁን፣ ውኃም አይጉደልባት። የጤፍ ጭድ ድርቆሽ አይደለም፤ ለመኝታዋ አንጥፊላት። ካሮት ጣፋጭ ነው፣ ቁራጭ ይበቃታል።

ጠዋት ጠዋት በጠጧን ተመልከቺ። በፀጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ከወረደ፣ ማበጠሩንም ድርቆሹንም ጨምሪ። እያነሰና እየጠበበ ከሄደ ተጠንቀቂ። መብላት አቁማ፣ በጠጥም ሳትጥል ግማሽ ቀን ካለፋት አስቸኳይ ነው፤ ነገ አይባልም።

ጥ (ከዚሁ ከደብረ ብርሃን)፦ በምን ላበጥራት? ስነካት ትራገጣለች።

ወንበር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጥ። ጉልበትህ ላይ ጆንያ ወይም ፎጣ ጣል አድርግ፤ ጋቢህን ለብሰህ ከጀመርክ ግን ሳምንት ሙሉ ፀጉር ስትለቅም ትከርማለህ። በጆሮዋ አታንሳት። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከቂጧ ሥር ይሁን። የኋላ እግሯ ኃይለኛ ነው፣ አጥንቷ ቀላል ነው፤ አየር ላይ ስትራገጥ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። በጀርባዋ አትገልብጣት። ዝም የምትለው ደስ ብሏት ሳይሆን ፈርታ ነው።

እኔ መጀመሪያ መዳፌን በውኃ አርሼ አራግፈዋለሁ። ከአንገት ወደ ጅራት ቀስ ብዬ ስዳብስ የለቀቀው ፀጉር ከመዳፌ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ከዚያ ጫፉ ያልሰላ የላስቲክ ማበጠሪያ እጠቀማለሁ። ሹል የብረት ማበጠሪያ ቆዳዋን ይቧጥጣል። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። ፀጉሯ በሚበዛበት ሰሞን በየቀኑ፣ በሌላው ጊዜ በሳምንት አንዴ።

ጥ፦ የተቋጠረውን ፀጉር በመቀስ ብቆርጠውስ?

እኔ ቆርጬ ነበር። ግራጫዋ ጥንቸሌ ከጎኗ ላይ ፀጉሯ ተድበልብሎ ጎተት አደረግሁትና ቆረጥኩ። ፀጉሩን ስጎትተው ቆዳዋም እንደ ድንኳን ተነስቶ ኖሮ መቀሱ አብሮ ያዘው። አልጮኸችም፤ ክፋቱ ይሄ ነው። ያየሁት ደሙን ነው። የጥንቸል ቆዳ ስስ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል። አሁን ከሥሩ በጣቴ ይዤ፣ ከጫፉ ጀምሬ በትንሽ በትንሹ እፈታለሁ። ካልተፈታ ሐኪም በማሽን ይላጨው። የእግሯን ሥር ፀጉር ደግሞ በፍጹም አትንኩ፤ መርገጫዋ እሱ ነው፣ ከተላጨ ይቆስላል።

ጥ (ከመሐል ሜዳ)፦ እኛ በግ ሸልተን ባና እንሠራለን። እሷንስ አንዴ ሸልተን ብንገላገል?

ጋሼ፣ ሳቅኩ። የመንዝን ብርድ እርስዎ ያውቁታል፤ እሷም ከዚያ ፀጉር ሌላ ባና የላትም። አይሸልቷት፣ ያበጥሯት።

ጥ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እዚህ ሙቀት ነው። ባጥባትስ?

አትጠቢያት። ውኃ ውስጥ ስትገባ በድንጋጤ ልትሞት ትችላለች፣ ፀጉሯም ቶሎ አይደርቅም። ግን ልክ ነሽ፣ ሙቀቱ ከብርዱ ይልቅ ይጎዳታል። ጥላ ውስጥ አድርጊያት። የላስቲክ ጠርሙስ በውኃ ሞልተሽ አቀዝቅዢና በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቧ አስቀምጪ። ጆሮዋንም በረጠበ እጅ ዳበስ አድርጊላት፤ ሙቀቷን የምታወጣው በዚያ ነው። ቂጧ አካባቢ ከቆሸሸ ያንን ቦታ ብቻ በለብታ ውኃ አጽድተሽ በደንብ አድርቂ። ቆላ ዝንብ አይጠፋም፤ እንቁላል ከጣለ ትሉ በአንድ ቀን ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ጥ፦ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ብቀባትስ?

ፊፕሮኒል የሚባል የቁንጫ ማጥፊያ ያለበትን በፍጹም። ጥንቸል ይገድላል።

ጥ (ከአንኮበር)፦ የእኔዋ ከደረቷና ከሆዷ ራሷ እየነጨች በአፏ ሣር ትሰበስባለች። ምን ነካት?

ከወንድ ጋር ነበረች? የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ነው፣ ቀኑን ቁጠሪው። ፀጉሯን የምትነጨው ለልጆቿ ጎጆ ልታነጥፍ ነው። ሳታረግዝም እንዲህ የምታደርግ አለች፤ ያኛው በራሱ ያልፋል። ለዛሬ ማበጠሪያውን ተዪውና ነፋስ የማያገኘው ቦታ ላይ ድርቆሽ የሞላበት ሳጥን አድርጊላት። የነጨችውን ፀጉር ጠርገሽ እንዳትጥዪ።