ጥሬ እንቁላል የበለጠ ያጠነክራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ጂም እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት አራት ጥሬ እንቁላል ወተት ውስጥ መትቼ እጠጣለሁ። ጓደኞቼ «ከተቀቀለ ፕሮቲኑ ይሞታል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ጥሬውን ተው ትለኛለች። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ ስለሆነ ኃይሉ ይበልጣል የሚሉም አሉ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ እናትዎን ይስሙ።

የእንቁላል ነጩ ክፍል 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ጥሬ እያለ እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ ክር ልቃቂት ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሏል፤ የሆድ ዕቃችን ኢንዛይም በቀላሉ አያገኘውም። እሳት ሲነካው ልቃቂቱ ይፈታና ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። መጥበሻ ላይ ውሃ የሚመስለው ነገር ነጭ ሆኖ ሲረጋ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ፕሮቲኑ አልሞተም። ቅርጹ ተቀየረ፣ ለመፈጨትም ተመቸ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቤልጅየም ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶው ሲፈጭ ከጥሬው የተፈጨው 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከአራቱ ከሚያገኙት 24 ግራም ግማሹ ሳይጠቅምዎ ያልፋል ማለት ነው። ያሳዝናል፤ እንቁላል ዛሬ ርካሽ አይደለም።

ሌላም አለ። ጥሬው ነጭ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን ይገኛል። ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አጥብቆ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ለረጅም ጊዜ ጥሬ ነጭ የሚያዘወትር ሰው ፀጉሩ ሊሳሳ፣ ቆዳው ሊቆጣ ይችላል። በደንብ ሲበስል አቪዲኑ ይህን ጉልበቱን ያጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሳልሞኔላ የሚባለው፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው። ቅርፊቱ ሳይሠራ፣ ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሳለ ወደ እንቁላሉ ሊገባ ስለሚችል፣ ላዩ መታጠቡ ዋስትና አይሆንም። ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ ያብስሉት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲቀቅሉ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበት። እስካሁን ከጠጡት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ካለብዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የአስኳሉ ቀለም ከመኖ ነው የሚመጣው። ቅጠላ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ የምትለቅም ዶሮ ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉ ቀለሞችን ታገኛለች። ለዓይን ጥሩ ናቸው፤ የፕሮቲኑን መጠን ግን አይጨምሩም። አስኳሉን እንዳይጥሉ ብቻ አደራ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኮሊን ያለው እዚያ ነው። ኮሌስትሮሉም እዚያው ስለሆነ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ በቀን ስንት መብላት እንዳለብዎ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ብዙ ሲቀቀል አስኳሉ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት አያስደንግጥዎ። ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው፤ ይበላል።